«በዘር የሚመጣ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሱስ ወይም የአእምሮ ሕመም «በዘር ይመጣል» ሲባል ብዙዎች የማይቀር ዕጣ አድርገው ስለሚረዱት፣ የጃፓንን ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በዚያ አገር ብዙ ሰዎች አልኮል በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚፈጠረውን መርዛማ ነገር የማስወገድ አቅም የሚያዳክም ዘረ መል ስላላቸው፣ ጥቂት ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ይህም ከሱስ ይጠብቃቸዋል። ሆኖም ከአልኮል ሱስ ታካሚዎች መካከል የዚህ ዘረ መል አንድ ቅጂ ያላቸው (ማለትም ከአንዱ ወላጃቸው ብቻ የወረሱት) እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. 2.5 በመቶ ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. 13 በመቶ ደርሰዋል። የአንድ ሕዝብ ዘረ መል በ13 ዓመት እንዲህ አይለወጥም፤ ይህን ያጠኑት ተመራማሪዎች ለውጡን ያያያዙት ከመጠጥ ልማድ ጋር ነው፤ እኔም አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከእናትም ከአባትም ሁለት ቅጂ የወረሱ ሰዎች ግን ከታካሚዎቹ መካከል አንድም አልተገኙም።