ኦቨርድራፍት ምንድን ነው? «አስጠፍቼዋለሁ» ያለ ሰው ለምን ቻርጅ ይደረጋል?

«ባንካችሁ ጋ ደውሉና ኦቨርድራፍቱን አስጠፉት፤ ከዚያ በኋላ አምስት ሳንቲም አይቆርጡባችሁም።» አሜሪካ በሚኖረው የእኛ ሰው መካከል ይህ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር ብዙ ጊዜ ሆነው። የሚመክሩት ሰዎች ክፋት የላቸውም። ምክሩ ግን ትክክል የሚሆነው ግማሹ ብቻ ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ደመወዝ የሚኖረውን ቤተሰብ የሚጎዳው ደግሞ ያልተነገረው ግማሽ ነው።

ባንኩ በሂሳባችሁ የሌለውን ገንዘብ ከፍሎ ሂሳቡን ከዜሮ በታች ካወረደው ኦቨርድራፍት ሆነ ይባላል። ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማብራሪያ የሚያስፈልገው፣ ገንዘብ ከቼኪንግ አካውንት (ለዕለት ወጪ ከምትጠቀሙበት ሂሳብ) የሚወጣባቸው መንገዶች በደንቡ ፊት እኩል አለመሆናቸው ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌደራል ሪዘርቭ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ከጁላይ 2010 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ፣ ባንኩ አስቀድሞ ፈቃዳችሁን ሳያገኝ የኦቨርድራፍት ቻርጅ እንዳይቆርጥ የሚከለክለው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከኤቲኤም ገንዘብ ስታወጡና በዴቢት ካርድ ለአንድ ጊዜ ስትገዙ። ቼክ በዚህ ውስጥ የለም። ኩባንያው ቢሉን በቀኑ በራሱ ከሂሳባችሁ የሚወስድበት አውቶፔይ የለም። በየወሩ ካርዳችሁን እየቆረጠ የሚሄደው የፊልም ወይም የጂም ክፍያም የለም፤ እሱ የሚደጋገም እንጂ የአንድ ጊዜ ግዢ አይደለምና። ደውላችሁ «አጥፉልኝ» ስትሉ ባንኩ የሚያጠፋው እነዚያን ሁለቱን ነው።

ነገሩን እንደ ግቢ እዩት። ግቢያችሁ ሁለት በር አለው፤ በፊት ለፊቱ በር ዘበኛ ቆሟል። ካርድ የሚመጣው በዚህ በር ነው። ዘበኛው ወደ ቤት ገባ ብሎ «አለ ወይ?» ይላል፤ የለም ከተባለ እንግዳውን ከደጅ ይመልሰዋል። ቼክና አውቶፔይ ግን በጓሮ በር ነው የሚገቡት፤ እጃቸው ላይ የእናንተ ፈቃድ ያለበት ወረቀት ይዘዋል፣ የሚመጡትም እናንተ ባላሰባችሁት ቀን ነው። «ኦቨርድራፍቱን አስጠፋሁ» ያለ ሰው ለፊት ለፊቱ ዘበኛ ትእዛዝ ሰጠ እንጂ የጓሮውን በር አልዘጋም። ሌላም አለ። ዘበኛው ያስገባው እንግዳ ወዲያው ገበታ አይቀርብም፤ ስሙን አስመዝግቦ ቁጭ ይላል። ስልካችሁ ላይ «ፔንዲንግ» የሚለው ይህን እንግዳ ነው። እሱ ተራውን ሲጠብቅ በጓሮ የገባው ቀድሞ ሊበላበት ይችላል።

በቁጥር እንየው። ሰኞ ሂሳባችሁ ውስጥ 90 ዶላር አለ። ማታ በዴቢት ካርድ የ60 ዶላር አስቤዛ ገዛችሁ፤ ካርዱ አለፈ። ስልካችሁ 30 ዶላር ቀርቷል ይላል። ማክሰኞ የመብራቱ አውቶፔይ 85 ዶላር ይዞ መጣ። ከ30 ላይ 85 ሲነሳ 55 ይጎድላል፤ ባንኩ ከፈለና 35 ዶላር ቻርጅ አደረገ። ረቡዕ አስቤዛው ተራው ደርሶ ሲመጣ የሚያገኘው 30 ዶላር ከዜሮ በታች የወረደ ሂሳብ ነው፤ ፔንዲንጉ ካልተቀነሰበት 90 ላይ 85ቱና 35ቱ ተነስተዋልና። 60ው ሲጨመር ጉድለቱ 90 ይሆናል። የካርዱን ኦቨርድራፍት ፈቅዳችሁ ከነበረ፣ አንዳንድ ባንክ ሰኞ ዕለት ገንዘብ እያለ ላለፈው ለዚህ አስቤዛ ሌላ 35 ይጨምርበታል። አስጠፍታችሁ ከነበረ ግን ለአስቤዛው መቁረጥ አይችልም። እንግዲህ ማስጠፋት 70ውን ወደ 35 አወረደው፤ ወደ ዜሮ አላወረደውም። አስጠፉት፣ ጥሩ ነው። ተጠበቅሁ ብላችሁ ግን አትተኙ።

ባንክ ስትደውሉ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው፦ «ቻርጁን የምታሰሉት ፔንዲንጉ በተቀነሰበት ባላንስ ነው ወይስ ባልተቀነሰበት?» በዚሁ ምሳሌ ባንኩ የሚያየው ያልተቀነሰበትን ከሆነ ማክሰኞ 90 አለ፣ መብራቱ 85 ይወስዳል፣ 5 ይተርፋል፣ ቻርጅ የለም። ረቡዕ አስቤዛው 55 ያጎድላል፤ ካርዱን ካስጠፋችሁ ያም ቻርጅ የለበትም። ያው ገንዘብ፣ ያው ቢል፣ ሁለት ዓይነት ውጤት።

ስለዚህ «ካርዱ ካለፈ ገንዘብ አለኝ ማለት ነው» የሚለውን አባባል እርሱት። ነዳጅ ማደያ ላይ የ30 ዶላር ነዳጅ ስትቀዱ ማደያው ለጊዜው እስከ 175 ዶላር ድረስ ሊይዝባችሁ ይችላል፤ ትክክለኛው ሂሳብ እስኪደርስ ያ ገንዘብ እያለ የለም። ምግብ ቤት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ቲፑ የሚጨመረው ካርዱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ በ40 ያለፈው በ48 ይመጣል።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያጠቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቼክ ነው። ለእቁብ፣ ለእድር ወይም ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ቼክ ሰብሳቢው መሳቢያ ውስጥ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆያል፤ እናንተ ረስታችሁታል፣ ባንኩ ግን አይረሳም። ባንክ ከስድስት ወር በላይ የቆየን ቼክ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ከዚያ በፊት ግን በየትኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል። ቀኑን ወደፊት አድርጎ መጻፍም አያድንም፤ አስቀድማችሁ ለባንኩ በደንቡ ካላሳወቃችሁ ባንኩ ከቀኑ በፊት ቢከፍለው አይጠየቅም። ሁለተኛው ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው። ለፋሲካ ከባንክ አካውንታችሁ በመተግበሪያ ስትልኩ እናታችሁ ዛሬውኑ ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ከእናንተ ሂሳብ የሚወጣው ግን ከአንድ እስከ ሦስት የሥራ ቀን ቆይቶ ነው። ዓርብ የላካችሁት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በጓሮ በር ይመጣል።

«እንግዲያው የጓሮውንም በር ዘግተን እንገላገል» የሚሉ አሉ። አንዳንድ ባንክ ገንዘብ የሌለበትን ሁሉ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል፤ ጠይቁ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን የተመለሰ ክፍያ ምን እንደሚያስከትል አስሉ። የሬንት ቼክ ሲመለስ አከራዩ የተመለሰ ቼክ ቅጣትና የመዘግየት ቅጣት ይጠይቃል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 ዶላር ይበልጣሉ። የመኪና ኢንሹራንስ ክፍያ ተመልሶ ኢንሹራንሱ ቢቋረጥ ጉዳቱ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። የተመለሰ አውቶፔይ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀርም፤ ኩባንያው እስከ ሁለት ጊዜ ድጋሚ ሊሞክር ይችላል፣ የመመለሻ ቻርጅ የሚቆርጡ ባንኮችም አሁንም አሉ። በእኔ አስተያየት ሬንትና ኢንሹራንስ የሚወጣበት አካውንት ላይ ባንኩ እንዲከፍል መተው፣ ለሌላው ወጪ ደግሞ ፈጽሞ ኦቨርድራፍት የሌለው ሌላ አካውንት መያዝ ይሻላል። ቼክ ከተመለሰ በኋላ «እስር ቤት ትገባለህ» ብሎ የሚያስፈራራ ሲኖር ግን አትደንግጡ። በአገራችን በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መጻፍን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ይቀጣል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ሳያውቁ እንዲህ ያለ ቼክ መጻፍ በጥቅሉ ወንጀል አይደለም፤ ወንጀል የሚያደርገው የማጭበርበር ሐሳብ ነው።

ሌላው የተምታታ ነገር «ኦቨርድራፍት ፕሮቴክሽን» የሚባለው ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ ቼኪንጉን ከሴቪንጋችሁ ጋር ያያይዛል፤ ሲጎድል ከራሳችሁ ገንዘብ ይሞላል፣ ብዙ ባንክም በነጻ ያደርገዋል። አንዱ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ነው፤ በአገር ቤት ነጋዴ በመያዣ የሚፈቀድለትን ኦቨርድራፍት የሚመስለው ይሄኛው ነው። ሦስተኛው ባንኩ ከፍሎ 35 የሚቆርጥበት ነው፤ እሱ ራሱ ቻርጁ ነው። ሠራተኛው «ፕሮቴክሽን ይፈልጋሉ?» ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ አትስማሙ። ከሴቪንግ ጋር ካያያዛችሁ ደግሞ ሴቪንጉ ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ የማይሸፍን ሲሆን ባንኩ ያለውን ያህል ያዛውር እንደሆነ ወይም ምንም ሳያዛውር ቻርጅ ያደርግ እንደሆነ ጠይቁ።

ቻርጁን በትክክል የሚቀንሰው ሥራ ቀን ማስተካከል ነው። የመብራት፣ የስልክና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የመክፈያ ቀን እንዲቀየር ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ይቀይራሉ። ደመወዝ በሚገባበት ቀን ላይ አታድርጉት፤ ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀን ዘግየት ይበል። ዳይሬክት ዲፖዚት፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ባንክ የሚገባው ደመወዝ፣ የበዓል ቀን ሲያጋጥመው አንድ ቀን ሊንሸራተት ይችላል። ሂሳቡ ሲያንስ ባንኩ የሚልከውን የማስጠንቀቂያ መልእክትም ብዙ ሰው በ25 ዶላር ላይ ያደርገዋል፤ ያ ረፍዶ የሚመጣ መልእክት ነው። በሚቀጥሉት አምስት የሥራ ቀናት ከሚወጡት አውቶፔዮች ትልቁ ስንት እንደሆነ እዩና መልእክቱን በዚያ መጠን ላይ አድርጉት።

ከዚያ ሂሳቡን ለሁለት ክፈሉት። የወሩ ቋሚ ቢሎች ድምር 1,560 ዶላር ነው እንበል። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 26 ደመወዝ ስላለው 1,560ን በ12 አባዝቶ ለ26 ሲያካፍል 720 ይመጣል። የሥራ ቦታችሁ ከእያንዳንዱ ደመወዝ 720 ዶላር ወደ ቢል አካውንት፣ ቀሪውን ወደ ሌላው እንዲልክ አድርጉ፤ ብዙ አሠሪ ይህን ይፈቅዳል። ካርዱን ከቢል አካውንቱ ጋር አታያይዙት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሁለት ደመወዝ ብቻ ባለበት ወር የሚገባው 1,440 ነው፣ 120 ይጎድላል፤ የሚያሟላው ሦስት ደመወዝ የሚገባበት ወር ነው። መነሻ ላይ ጥቂት መቶ ዶላር ካላስቀደማችሁ የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ራሱ ዘዴው ኦቨርድራፍት ውስጥ ይከታችኋል። የታክስ ተመላሽ ሲመጣ ወይም እቁብ ሲወጣ መጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሂሳቡ ከዜሮ በታች ከወረደ በዚያው ቀን ሙሉት። ባንኩ የቀኑን ሂሳብ የሚዘጋበትን ሰዓት ጠይቃችሁ እወቁ፤ በአንዳንዶቹ እስከ ማታ ነው፣ በማግስቱ እስኪሞላ የሚጠብቁም አሉ። ጥሬ ገንዘብ ወይም እዚያው ባንክ ካለ ሌላ አካውንት የሚዛወር ገንዘብ ይሠራል። ቼክ አይሠራም፤ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ብታስገቡት እንኳ ባንኩ በማግስቱ የሥራ ቀን እንዲለቅ ደንቡ በአብዛኛው የሚያስገድደው ከጁላይ 2025 ጀምሮ የመጀመሪያውን 275 ዶላር ነው። ከዚያ ደውሉና «ቻርጁ እንዲነሳልኝ እጠይቃለሁ፤ ሂሳቡን ዛሬውኑ ሞልቻለሁ» በሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ማንሳት የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያው ሠራተኛ አይቻልም ካለ ሱፐርቫይዘር ጠይቁ። አንድ አውቶፔይ ሊመጣ መሆኑንና ገንዘቡ እንደማይበቃ ካወቃችሁ መጀመሪያ ለኩባንያው ደውሉ። ባንኩ እንዲያስቆምላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ ነው፤ በቃል ከሆነም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታረጋግጡ ሊጠይቅ ይችላል። ለማስቆሙ ራሱ የሚያስከፍሉ ባንኮች አሉ።

«አሁን እኮ በሕግ 5 ዶላር ሆኗል» የሚለውም ስሕተት ነው። የፌደራል መንግሥቱ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ (CFPB) ትልልቅ ባንኮችን በ5 ዶላር የሚገድብ ደንብ በዲሴምበር 2024 አውጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል ኮንግረስ ሻረው፣ ፕሬዚዳንቱም በሜይ 2025 ፈረሙበት። ዋጋው የወረደው ባንኮች ራሳቸው ባወረዱበት ቦታ ነው፦ ካፒታል ዋንና ሲቲ በ2022 ጨርሰው አስቀሩት፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በዚያው ዓመት ከ35 ወደ 10 አወረደው። ይኸው ቢሮ በ2014 ባወጣው ጥናት በዴቢት ካርድ ለሚደርሰው ኦቨርድራፍት አብዛኛው ቻርጅ የተቆረጠው 24 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ግዢ ነበር፤ አብዛኛውም ኦቨርድራፍት በሦስት ቀን ውስጥ ተከፍሏል። ለሦስት ቀን 24 ዶላር ተበድሮ 34 ዶላር ቻርጅ መክፈል በዓመት ወለድ ሲሰላ ከ17,000 በመቶ ያልፋል። በፌደራል ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ በሆነ የቁጠባና ብድር ተቋም) ግን ከ200 እስከ 1,000፣ በአንዳንዱም እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር አለ፤ ወለዱ ከ28 በመቶ፣ የማመልከቻው ክፍያ ከ20 ዶላር አይበልጥም። በየወሩ የሚጎድልባችሁ ከሆነ በዚህ ተነጋገሩ።

የጎደለውን ሂሳብ ትቶ ሌላ ባንክ መሄድ ግን አያዋጣም። ባንኩ ይዘጋውና ቼክስ ሲስተምስ ለሚባለው መዝገብ ያሳውቃል፤ መረጃው እስከ አምስት ዓመት ስለሚቆይ ሌላው ባንክ አካውንት ሊከለክላችሁ ይችላል። የተመዘገበባችሁን በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ ጠይቃችሁ ማየት፣ ስሕተት ካለበትም መቃወም ትችላላችሁ። «ባንክ ኦን» የሚል ማረጋገጫ ያላቸው አካውንቶች ኦቨርድራፍትም የመመለሻ ቻርጅም የላቸውም፤ በ25 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይከፈታሉ። ብዙዎቹ ግን የቼክ ደብተር አይሰጡም፤ አከራያችሁ ሬንት የሚቀበለው በቼክ ብቻ ከሆነ መኒ ኦርደር ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት።