«ሳይበስል ተቀጠፈ»፦ ኮሌጅ ጥለው ወደ ኤንቢኤ ስለሚሄዱ ኮከቦች የምንለውና እውነታው

በፈረንጆቹ ማርች 2025 አንድ እሑድ ማታ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ካፌ ውስጥ ተሰብስበን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እናያለን። የሰፈራችን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲያትል ላይ ከኮሎራዶ ስቴት ጋር ገጥሟል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ኮሎራዶዎች ባለ ሦስት ነጥብ አገቡና በአንድ ነጥብ መሩ። ያኔ ዴሪክ ክዊን የተባለው የባልቲሞር ልጅ፣ ገና ፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት ተማሪ)፣ ኳሷን ተቀብሎ በግራ በኩል እየገፋ ገባና ከቦርዱ አጋጭቶ ጨመራት። 72 ለ 71። አስተናጋጇ የያዘችው ማኪያቶ ግማሹ ሶሰር ላይ ፈሰሰ። (ልጁ ኳሷን ሳያነጥር ከተፈቀደው በላይ ተራምዷል ወይስ አልተራመደም የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። ለእኔ እርምጃው ትንሽ በዝታለች፤ ግን ደጋፊ ነኝና ዝም አልኩ።)

ብዙም ሳይቆይ ክዊን ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ለድራፍት፣ ማለትም የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ) ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ለሚመርጡበት ምሽት፣ ስሙን አስገባ። ጁን ላይ 13ኛ ሆኖ ተመረጠ። ካፌው ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው «ሳይበስል ተቀጠፈ» ብለው አዘኑ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሰማኋቸውን አባባሎች ላንሳ።

«ዲግሪው ይቀርበታል»

የእኛ ቤት የመጀመሪያ ጭንቀት ይሄ ነው፤ ልጅ ተምሮ ወረቀቱን ካልያዘ ወላጅ እንቅልፍ የለውም። ነገር ግን ማይክል ጆርዳን በ1984 ከሦስት ዓመት በኋላ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ጥሎ ወጥቶ ዲግሪውን በ1986 ጨርሷል። ስቴፈን ከሪ በ2009 ከዴቪድሰን ኮሌጅ ወጥቶ በ2022 ተመርቋል። ሻኪል ኦኒል ደግሞ በ2000 የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ፣ በ2012 በትምህርት ዶክትሬት ጨምሮበታል። ዩኒቨርሲቲው የትም አይሄድም። ጉልበት ግን ይሄዳል፤ የ20 ዓመት ጉልበት በ30 ዓመት ተመዝግበህ አታገኘውም።

ጋሼ ቲም ደንከንን ጠቀሱልኝ፤ ትክክል ናቸው። በልጅነቱ ለሞተች እናቱ እመረቃለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ነው። ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጦ፣ ሳይኮሎጂ ተመርቆ፣ በ1997 አንደኛ ተመረጠ። ያ የቃል ጉዳይ ነው፣ ያስከብራል። ሌላው ሁሉ እንደሱ ያድርግ ማለት ግን አይደለም።

«አንድ ዓመት ቢቆይ ምን ይጎዳል? የሚያጣው የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው»

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሂሳብ እንሥራ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው።

በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ልጅ ደመወዙን አይደራደርም ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ የምርጫ ተራ ቁጥር የተቀመጠ ተመን አለ። በ2025 አንደኛ የወጣው ኩፐር ፍላግ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያው ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 13ኛው ክዊን ወደ 5 ሚሊዮን፤ የዙሩ መጨረሻ የሆነው 30ኛው ከ3 ሚሊዮን በታች። ውሉ አራት ዓመት ሲሆን፣ ሁለቱ ዓመት የተረጋገጠ፣ ሁለቱ ደግሞ በክለቡ ፈቃድ የሚቀጥል ነው። ለኮከብ እውነተኛው ገንዘብ የሚመጣው ከእነዚህ አራት ዓመታት በኋላ፣ በሁለተኛው ውል ነው። ያኔ አንድ ተጫዋች የክለቡን የደመወዝ ጣሪያ (ሊጉ ለአንድ ክለብ ጠቅላላ ደመወዝ ያስቀመጠውን ወሰን) በተለምዶ እስከ 25 በመቶ ሊወስድ ይችላል። በ2025–26 ጣሪያው ወደ 155 ሚሊዮን ስለነበር፣ 25 በመቶው ከ38 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ያውም ለአንድ ዓመት። ሊጉ ውስጥ አሥር ዓመት ለሞላው ደግሞ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል።

እንግዲህ በ19 ዓመቱ የገባ ልጅ ሁለተኛውን ውል በ23 ዓመቱ፣ የአሥር ዓመቱን በ29 ዓመቱ ያገኛል። ኮሌጅ አራት ዓመት ጨርሶ በ22 የገባው ሁለተኛውን በ26፣ የአሥር ዓመቱን በ32 ይጠብቃል፤ በ32 ዓመት ወገብና ቁርጭምጭሚት ምን እንደሚመስል የተጫወተ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ዓመት ኮሌጅ የቆየ ኮከብ የሚያጣው የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ አይደለም። የሚያጣው የመጨረሻውን ነው፤ ትልቁን።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን በመጀመሪያው ዙር መመረጡ እርግጥ ለሆነ ልጅ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር የተጠራ ያ ተመን የለውም። ብዙዎቹ የሚፈርሙት በኤንቢኤውና በታናሹ በጂ ሊግ መካከል የሚያመላልስ ውል ነው፤ እሱ ከ600 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። በተራ የጂ ሊግ ውል የሚጫወት ደግሞ ለሙሉ የውድድር ዘመን ከ50 ሺህ በታች ያገኛል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለእነዚህ ነው።

«ኮሌጅ ላይ ምርጥ ከሆነ ኤንቢኤም ይፈልገዋል»

ኦስካር ቺብዌ በ2022 ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ላይ የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ በየጨዋታው በአማካይ ከ15 በላይ ሪባውንድ (ተስታ የተመለሰች ኳስ) ይሰበስብ ነበር። በ2023 ድራፍት በሁለቱም ዙር ስሙ አልተጠራም። ሉካ ጋርዛ በ2021 ተመሳሳዩን ክብር አገኘና 52ኛ ሆኖ ተመረጠ። ክለቦቹ የሚገዙት ባለፈው ማርች በኮሌጅ ውድድር የሆነውን ሳይሆን ልጁ 25 ዓመት ሲሞላው የሚሆነውን ነው። ለዚህም የ19 ዓመት ልጅ ጎዶሎው ተስፋ ይባልለታል፤ የ22 ዓመቱ ጎዶሎ ግን ጎዶሎ ነው። ጨካኝ ነገር ነው፣ ገበያው ግን እንደዚያ ነው የሚያስበው።

ተቃራኒውም አለ። ዛክ ኢዲ በ2023 ምርጥ ተጫዋች ተብሎ፣ ድራፍቱን ሞክሮ፣ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በ2024 ያንኑ ሽልማት ደገመና 9ኛ ተመረጠ። መመለስ የሚጠቅመው ሰው አለ።

«ስሙን አንዴ ካስገባ አለቀ»

አላለቀም። ተጫዋቹ ስሙን አስገብቶ፣ ክለቦች ፊት ልምምድ ሠርቶ፣ የት ሊመረጥ እንደሚችል ሰምቶ፣ ከቀነ ገደቡ በፊት ስሙን አውጥቶ ትምህርቱን መቀጠል ይችላል። ኢዲ ያደረገው ይህንኑ ነው።

«ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ መግባትን ሕግ ይከለክላል»

የመንግሥት ሕግ አይደለም፤ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ የተስማሙበት ደንብ ነው። ድሮ ሊጉ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረስክ አራት ዓመት ካልሞላህ አትገባም ይል ነበር። እናቱ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥጥ እየለቀመች ያሳደገችው ስፔንሰር ሄይዉድ ከሰሰ። ክሱ ሳያልቅ ለሲያትል ሲጫወት፣ በአንዳንድ ከተማ በድምፅ ማጉያ «ሜዳ ላይ ሕገ ወጥ ተጫዋች አለ» ተብሎ ይነገርበት ነበር። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ወሰነለት። ኬቨን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጄምስ በ2003 ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የገቡት ያ በር ስለተከፈተ ነው። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ ግን ድራፍቱ በሚካሄድበት ዓመት ውስጥ 19 ዓመት የሚሞላውና ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ አንድ ዓመት ያለፈው መሆን አለበት። ፍሬሽማኑ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ያቺን ዓመት የሚቀመጠው ትምህርቱን ወድዶ ላይሆን ይችላል።

በዚያ በር ገብተው የወደቁም አሉ። ኮርሊዮን ያንግ በ1998 ዲትሮይት መርጦት በኤንቢኤ ሦስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቷል። ሰው ሁሉ የውድቀት ምሳሌ የሚያደርገው የ2001ዱ አንደኛ ምርጫ ክዋሚ ብራውን ግን 12 የውድድር ዘመን ተጫውቶ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል። እንዲህ ያለው ውድቀት ለእኔም ይድረሰኝ።

«ያሳደገውን ዩኒቨርሲቲ ከዳ»

ክዊንን እንዲህ ያሉት ሰዎች አንድ ነገር ረስተዋል። ሜሪላንድ በፍሎሪዳ ከተሸነፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ አሰልጣኙ ኬቨን ዊላርድ ቡድኑን ትቶ ቪላኖቫ የተባለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለአሰልጣኝ «እድገት» የተባለው ለ20 ዓመት ልጅ «ክህደት» የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

«ኮሌጅ ላይ በነፃ ነው የሚጫወቱት፣ ለዚህ ነው የሚሸሹት»

ይህ እስከ 2021 ድረስ ያስኬድ ነበር። ከዚያ ዓመት ጁላይ ጀምሮ ተማሪው በስሙና በምስሉ ማስታወቂያ ሠርቶ እንዲከፈለው ተፈቀደ። በ2025 ጁን የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ በሩን ከፈተ፤ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ስፖርተኞቹ በድምሩ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ማከፋፈል ይችል ነበር። ውጤቱ ይታያል፦ በ2021 ጊዜያቸው ሳይደርስ ለድራፍት የተመዘገቡት ከ300 በላይ ነበሩ፤ በ2025 ከ100 ትንሽ ከፍ ቢሉ ነው። በሁለተኛው ዙር የሚጠራ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ቢቆይ የተሻለ ሊከፈለው ይችላል።

ይህ ዕድል ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ኮንጎ የተወለደው ቺብዌ አሜሪካ የነበረው በተማሪ ቪዛ ነው። የቡድን ጓደኞቹ የፈለጉትን ማስታወቂያ ሲሠሩ፣ እሱ በአሜሪካ ምድር ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ቪዛውን ሊያስወስድበት ይችል ነበር። በ2022 ኦገስት ኬንታኪ ለጨዋታ ባሃማስ ሲሄድ፣ ልጁ ማስታወቂያዎቹን እዚያው ከአሜሪካ ውጭ ሠርቶ ተመለሰ።

ይህን ስናወራ በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር አንድ ልጅ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። የሚሠራው ካምፓስ ውስጥ ላይብረሪ ነው፤ የተፈቀደለትም በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ማኪያቶውን አማሰለና «ባሃማስ ትኬቱ ስንት ነው?» አለ።