«ደሟ ስንት ነው?»፦ ስለ ዲቃላ የምናምነውና እውነታው

ባለፈው ጥር አንድ ጎረቤቴን አጅቤ ጊደር ሊገዙ ሱሉልታ ገበያ ወረድን። ጥርሷን አላዩም፣ የእናቷ ግት እንዴት እንደሆነ አልጠየቁም። ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ደሟ ስንት ነው?» ነበር። ሻጩ ለአፍታ እንኳ ሳያስብ «ሰባ አምስት ናት ጋሼ! ቡራቡሬነቷን አያዩትም?» አለ። ዋጋውም በዚያች ቁጥር ላይ ተቆረጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ ያቺ ቁጥር ስታብሰለስለኝ ነበር። ስለ ዲቃላ የምንሳሳተው አብዛኛው ነገር እሷ ውስጥ አለ። ዘርን «ደም» እንለዋለን፤ ቁጥሩም ከዘሯ በመቶው ስንቱ የፈረንጅ ከብት እንደሆነ ይናገራል። ደም ፈሳሽ ነውና ሁለት ዘር ሲገናኝ እንደ ፈሳሽ የሚዋሃድ ይመስለናል።

«75 ደም ማለት ከአራት ሦስት እጇ ፈረንጅ ነው»

ቁጥሩ የሚሰላው በወረቀት ነው። የቦረና ላም ፍሪዥያን በሚባለው የፈረንጅ የወተት ከብት ኮርማ ስትዳቀል ጥጃዋ 50 ትባላለች፤ እሷ አድጋ እንደገና በፍሪዥያን ስትዳቀል 75፣ ቀጥሎ 87.5። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን አማካይ ነው። የአንዲት ጥጃ መለኪያ አይደለም።

ዘረመል፣ ማለትም ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያወርሰው ቅንጣት፣ እንደ ማኪያቶ አይዋሃድም። ይልቅ ሠርገኛ ጤፍን አስቡ። ነጩና ቀዩ ፍሬ ጎን ለጎን ይቀመጣል እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ አይሟሟም። እያንዳንዱ ዘረመል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚኖረው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የፍሪዥያኑን ነጭ፣ የቦረናውን ቀይ እንበለው። 50 ደም የሆነችው ጥጃ በየጥንዱ አንድ ነጭና አንድ ቀይ አላት። አድጋ ስትወልድ ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ታወርሳለች፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ዕጣ ነው። ለአንዷ ጥጃ ነጩ ይበዛላታል፣ ለእህቷ ቀዩ። ስለዚህ ከአንድ እናትና ከአንድ ኮርማ የተወለዱ ሁለት «75»ቶች አንዷ 70፣ ሌላዋ 80 ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ቡራቡሬነቱስ? የቆዳን ቀለም የሚወስኑት ጥቂት ዘረመሎች ናቸው። ወተትን የሚወስኑት እጅግ ብዙ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻም ትንሽ። ቀለሟ ስለ ወተቷ ብዙም አይመሰክርም። ይህን ለጎረቤቴ በመኪና ውስጥ ነገርኳቸው፤ «ታዲያ እዚያው አትነግረኝም ነበር?» አሉኝ። ልክ ናቸው።

«ደሟ በጨመረ ቁጥር ወተቷ ይጨምራል»

መኖ፣ ውኃ፣ ጥላና ሐኪም ከተሟሉ እውነትነት አለው። ካልተሟሉ ግን ፍሪዥያን የብርድ አገር ከብት ናት፤ ሙቀት ይጥላታል፣ መዥገርም ይበረታባታል፤ ገለባ ብቻ እየበላች የምትወልድበት ጊዜ ይራዘማል። በቀን ከ2 ሊትር ብዙም የማታልፈው የአገራችን ላም ግን ያንን ሁሉ ችላ ትኖራለች።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የመጀመሪያው ዲቃላ፣ ማለትም ባለ 50ዋ፣ በየጥንዱ ሁለት የተለያየ ዓይነት ስላላት የአንዱን ደካማ ጎን ሌላው ይሸፍንላታል። ባለሙያዎች የዲቃላ ጉልበት ይሉታል። አሁን ባለ 50 ኮርማ ከባለ 50 ላም ጋር አዳቅሉ። ጥጃቸው በወረቀት ያው 50 ናት። ነገር ግን በአማካይ ግማሾቹ ጥንዶቿ ሁለቱም ነጭ ወይም ሁለቱም ቀይ ሆነዋል፤ ያ ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቁጥሯ አንድ፣ ላሟ ግን ሌላ።

መንደር ውስጥ አንድ ኮርማ ለዓመታት ሲቆይ ደግሞ የገዛ ልጆቹን፣ ከዚያም የልጅ ልጆቹን ያጠቃል። እኛ ስንጋባ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ለላሞቻችን ግን አንድ ቤት እንኳ አንቆጥርም!

«ዲቃላ ሁሉ መካን ነው»

ይህ የበቅሎ ጣጣ ነው። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል፤ አህያ አባቷን ብትደብቅም ክሮሞሶሟ፣ ማለትም ዘረመሎቿን የተሸከመው ክር፣ ያጋልጣታል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 አላቸው፤ በቅሎ ከአንዱ 32፣ ከሌላው 31 ወስዳ 63 ይኖራታል። ዘር የሚሆን ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞሶሞች አቻ አቻቸውን ይዘው መሰለፍ አለባቸው፤ የበቅሎዋ ግን አቻቸውን በወጉ አያገኙም። ስለዚህ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ አትወልድም።

ግን ዛሬ ጠዋት የጠጣችሁት ቡና ራሱ ዲቃላ ነው። የአገራችን ቡና፣ አረቢካ የሚባለው፣ ሮቡስታ የተባለው የቡና ዓይነትና የሌላ አንድ የዱር ቡና ልጅ ነው። ወላጆቹ 22፣ 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እሱ 44 አለው። ክሮሞሶሙ በእጥፍ ስለሆነ እያንዳንዱ አቻውን አገኘ፤ መካንነቱም ቀረ። የዳቦ ስንዴም ባለ 28 ክሮሞሶም ስንዴ ከአንድ የዱር ሣር ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ባለ 42 ነው።

መውለድ መቻል ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንድ ውሾች ከሴት ቀይ ቀበሮዎች ጋር ተዳቅለው ተገኝተዋል። ሁለቱም 78 ክሮሞሶም ስላላቸው ልጆቻቸው ይወልዳሉ። አፍንጫቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ ነው፤ የፀጉራቸው ቀለምም ይለያል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ የእረኛው ውሻ ግን ቁጥር የለውም። የውሻው ዘር እየገባ ከቀጠለ ቀይ ቀበሮው አንድም ሳይገደል ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ጠባቂዎቹ የተያዙ ዲቃላዎችን የሚያመክኑት፣ የአካባቢውንም ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጡት፤ በሽታው ከዲቃላነቱም ይልቅ ቶሎ ይጨርሳቸዋልና።

«ሃይብሪድ (ዲቃላ) በቆሎ ጂኤምኦ፣ ማለትም ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ፣ ነው፤ መልሰህ ብትዘራው አይበቅልም»

ሁለቱም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣውን ቢኤች-660 የተባለ ሃይብሪድ በቆሎ ያየ ሰው አሠራሩ የመስክ እንጂ የላቦራቶሪ ምትሃት እንዳልሆነ ያውቃል። እናት የሚሆነውና አባት የሚሆነው በቆሎ በየመስመሩ ይዘራል፤ የእናቶቹ አናት ላይ ያለው ወንዴ አበባ ሳይፈነዳ በእጅ ይነቀላል፤ ከዚያ ነፋስ የአባቶቹን ብናኝ ያመጣል። በቃ።

መልሳችሁ ብትዘሩትስ? ይበቅላል፤ ችግሩ ወዲህ ነው። ከላይ ባለ 50ዎቹን ላምና ኮርማ ያገናኘን ጊዜ የሆነው ነገር እዚህም ይሆናል። አንዱ አገዳ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ባለ ሙሉ ራስ፣ ሌላው ጥርሱ የወላለቀ። ምርቱም ያሽቆለቁላል። ዘር በየዓመቱ ግዙ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የሻጭ ተንኮል የሚመስላቸው ገበሬዎች ገጥመውኛል፤ ዋጋውን ሳይ ደግሞ አልፈርድባቸውም።

«ምርጥ ዘር ሁሉ በየዓመቱ ይገዛል»

የጤፍ አይገዛም። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ አንዴ ከተረጋጋ ልጁ እናቱን ነው። የሚያበላሸው አውድማ ላይ ከሌላ ዘር ጋር መደባለቁ ነው። ይኸው ጠባዩ አዳቃዮችን ለረጅም ጊዜ አስቸግሯል። አበባው ከዓይን የሚያመልጥ ደቃቅ ሲሆን የሚከፈተውም በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ያችን ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኟት የጤፍ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው በእጅ ማዳቀል የተቻለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የዚያ ፍሬ ነው፤ አንዱ ወላጁ በንጣቱ፣ ሌላው በምርቱ የታወቀ።

«ምርጥ ዘር ከመጣ የአገሩ ዘር ምን ያደርጋል?»

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት እዚሁ አገር ቤት ነው፤ በሽታው ባጠቃቸው አካባቢዎች ሳይነኩ የቆሙ ዛፎችን እየለቀሙ ዘራቸውን ሞከሩ። እንዲያ የተገኙት ዝርያዎች ስማቸው ቁጥር ነው፤ 74110፣ 74112፣ 74158። 74 የተመረጡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974፣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመጡት ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ካለችው ቢሻሪ ነው። ዛሬም ችግኝ ጣቢያ ሄዶ «74110 አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ የሚገዛው የዚያችን መንደር ዛፍ ልጅ ነው።