«ባክአፕ አለኝ» እና ሌሎች የኦዱ ዳታቤዝ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ለሱቆችና ለመጋዘኖች ኦዱ እተክላለሁ። ሽያጩን፣ ዕቃውን፣ ሂሳቡን አንድ ላይ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ፕሮግራሙ ብዙም አያስቸግረኝም። የሚያደክመኝ ከስሩ ያለው፣ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝና ስለሱ የሚወራው ነው።

«ማይኤስኪውኤል ይበቃል።»
አይበቃም። ከዳታቤዝ ፕሮግራሞች ኦዱ የሚያውቀው ፖስትግሬስኪውኤልን (ባጭሩ ፖስትግሬስን) ብቻ ነው። እሱም ነጻ ነው።

«‹ፖስትግሬስ› የሚባለው የዳታቤዙ ዋና ዩዘር ሁሉን ይችላል፣ በእሱ ላገናኘው።»
ሁሉን ስለሚችል እኮ ነው የማይሆነው። ኦዱ ራሱ ለደህንነት አደጋ ነው ብሎ አልነሳም ይላል። የራሱን ዩዘር ፍጠሩለት። ዳታቤዝ የመፍጠር መብት ይበቃዋል።

«አልገባም ካለ ፓስዎርዱ ተሳስቷል።»
በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ። ኡቡንቱ ላይ እንደተጫነ ሳይነካ ከተተወ፣ እዚያው ማሽን ላይ ሆናችሁ የሰርቨር አድራሻ ሳትሰጡ ስትገቡ ፖስትግሬስ የሚያየው የሊኑክስ ስማችሁን ነው። «ፒር» ይሉታል። የሊኑክሱና የዳታቤዙ ስም ካልገጠሙ፣ ፓስዎርዱን መቶ ጊዜ ብትቀይሩ ወይ ፍንክች!

«መብራት ሲሄድ ዳታው ይበላሻል።»
ፖስትግሬስ ለውጡን መጀመሪያ ሎግ (የለውጥ መዝገብ) ላይ ይጽፋል፤ ሲነሳ ያንን አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። ሴቭ ያልተደረገው ይጠፋል እንጂ ያለቀው ሽያጭ ይቆያል። ጣጣው የሚመጣው «ፍጥነት ይጨምራል» ተብሎ ኤፍሲንክ፣ ማለትም የተጻፈው በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ የሚያስገድደው ቅንብር፣ ሲዘጋ ነው። አትንኩት። ዩፒኤስም ግዙ።

«ዳታቤዙን ባክአፕ ካደረግኩ ጨረስኩ።»
ያስለቀሰን ይሄ ነው። አቶቴ አካባቢ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ዲስኩ ተቃጠለ። ፒጂ ደምፕ የሚባለው የፖስትግሬስ መገልበጫ በየሌሊቱ የሚያወጣው ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ስለነበር አዲስ ማሽን ላይ መለስኩት። ሽያጩ ሳንቲም ሳይጎድል መጣ። የሱቁ ባለቤት እትዬ ደስ ብሏቸው ቡና አስፈሉልኝ። ከዚያ አንድ የባንክ ስሊፕ ሊያዩ ሲጫኑ ባዶ። ሁለተኛውም ባዶ። ለካ ኦዱ ፎቶና ፒዲኤፍ የሚያስቀምጠው ዳታቤዙ ውስጥ ሳይሆን ዲስኩ ላይ፣ ፋይልስቶር የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። እሱን ደግሞ አልገለበጥኩትም። ጥፋቱ የኔው ነው። ለየደንበኛው እየደወልን «እባክህ ስሊፑን ድጋሚ ላክልን» ስንል ሰነበትን። አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ እገለብጣለሁ። በወር አንዴም ሌላ ማሽን ላይ እመልሰውና ስሊፕ ከፍቼ አያለሁ። ቁጥር ማየት አይበቃም።

«ዩቲኤፍ-8 ከሆነ የአማርኛው ነገር አለቀ።»
ዩቲኤፍ-8 ኮምፒውተሩ ፊደል የሚያስቀምጥበት ስልት ነው፤ በሱ ፊደሉ ይታያል፣ አዎ። ፍለጋው ግን ሌላ ነው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኃ ለዳታቤዙ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እዚያው ሱቅ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሃይሉ» ተብሎ ሦስት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ደንበኛ ነበር። ዱቤውም ለሦስት ተከፍሏል። እትዬ አንዱን ብቻ እያዩ «ይሄ ልጅ እኮ ጎበዝ ከፋይ ነው» ይሉ ነበር። አሁን ደንበኛ የሚፈለገው በስልክ ቁጥር ነው።