«አንድ ህልም አየን» ሲባል፦ የጋራ ህልም ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አጭር ቪዲዮ እየዞረ ነው። ተናጋሪው «ሳይንቲስቶች ሁለት ሰዎችን አንድ ህልም ውስጥ አገናኙ» ይላል። እኔ የምሠራው እንቅልፍ ላይ ነው። ሌሊቱን የተኙ ሰዎችን የአእምሮ ሞገድ ስከታተል ነው የማድረው። ቪዲዮውን የላከልኝ ሰው በዛ፤ ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

የጋራ ህልም የሚባለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ተኝተው ያንኑ ህልም አዩ ሲባል ነው። ጣጣው ያለው «ያንኑ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

የቪዲዮው መነሻ እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የካሊፎርኒያ ጀማሪ ኩባንያ ያወጣው ዜና ነው። እነሱ እንዳሉት፣ ህልም ላይ መሆኑን እያወቀ የሚያልም አንድ ሰው በጆሮ ማዳመጫ አንድ ቃል ተነገረው፤ ቃሉን ህልሙ ውስጥ ደገመው፤ መሣሪያው ቀዳው፤ ከ8 ደቂቃ በኋላ ሌላዋ ህልመኛ ያንኑ ቃል ሰማች፤ ስትነቃም ተናገረችው። ይሄው ነው። ዜናው የተሰራጨው ሥራው በሌሎች ተመራማሪዎች ተገምግሞ ሳይታተም ነው። ሙሉ በሙሉ እውነት ቢሆን እንኳ የተላከው አንዲት ቃል ናት፣ የላካትም ኮምፒውተር ነው። ስልክ ስለደወልኩልህ አንድ ቤት ውስጥ ነን አይባልም።

ከህልመኛ ጋር በመነጋገር ላይ በደንብ የተፈተሸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ነው። በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድስ ያሉ አራት ቤተ ሙከራዎች 36 ሰዎችን ይዘው ሠሩ። ለተኛ ሰው «8 ሲቀነስ 6 ስንት ነው?» ሲሉት ዓይኑን ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሶ መለሰ። እኔን ይህ ዛሬም ያስደንቀኛል። ግን ንግግሩ የነቃ ሰው ከተኛ ሰው ጋር ነው። ማንም የማንም ህልም ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው ይነሳና «ታዲያ እኔና እህቴ በአንድ ሌሊት ሟች እናታችንን እንዴት አየናት?» ይለኛል። ዋሽታችኋል አላልኩም። ሁለታችሁም እናታችሁን አይታችኋል። የእኔ ጥያቄ ያያችሁት አንድ ህልም ነው ወይስ ሁለት የሚል ነው።

የፋሲካ ለታ ሁለት ጎረቤታሞች ዶሮ ወጥ ይሠራሉ። ሽንኩርቱን ከአንድ ገበያ ነው የገዙት፣ በርበሬውን አብረው ነው ያስፈጩት፣ ሙያውን የተማሩት ከአንድ እናት ሊሆን ይችላል። ሽታው በአጥሩ ላይ ይገናኛል፣ ጣዕሙም ይቀራረባል። ግን ድስቱ አንድ ነው የሚል የለም። አንድ ለቅሶ ላይ አብረው የሰነበቱ እህትማማቾች ለህልማቸው የሚገባው ግብዓት አንድ ነው፦ ያው ፊት፣ ያው ድምፅ፣ ያው ያልተባለ ነገር። እናታቸውን ባያዩ ነው የሚገርመኝ።

ደግሞ አንድ ቤት የሚተኙ ሰዎች አንድ ድምፅ ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 ዴመንትና ዎልፐርት የተባሉ ተመራማሪዎች በተኙ ሰዎች ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ረጭተው ነበር። ከ10 ህልም በ4ቱ ገደማ ውሃ ገባ፤ ዝናብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ እንዲህ ያለ ነገር። አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የሚሰማውን ቅዳሴ ወይም አዛን አስቡት። በደንብ የምናልምበት፣ ዓይን ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስበት እንቅልፍ የሚረዝመው ደግሞ ወደ ንጋት ነው። (በሌላውም የእንቅልፍ ክፍል እናልማለን፤ «ህልም በዚያ ብቻ ነው» የሚለውም ስህተት ነው።)

ከሁሉ የሚረሳው ግን ይሄ ነው፦ እኛ ድስቱን አይተን አናውቅም። በእጃችን ያለው እንጀራው ላይ የወጣው፣ ማለትም ሰውየው ከነቃ በኋላ የሚያወራው ብቻ ነው። ህልም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ከአእምሮ ይጠፋል። ጠዋት ቡና ላይ አንዷ «እማዬ ነጭ ለብሳ አየኋት» ስትል የሌላዋ የደበዘዘ ትዝታ ነጩን ልብስ ይወስዳል፣ ሳይታወቃት። ከዚያ «እኔም! እኔም ነጭ ለብሳ ነው ያየኋት!» ትላለች፣ ከልቧ። ከአንድ መሶብ ሲበሉ ወጡ ይቀላቀላል፤ ከዚያ ወዲያ የማን ድስት እንደነበር መለየት አይቻልም።

«ህልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለውን አባባል እኔ ከሥራዬ ጋር ነው የማያይዘው። ፈርዖን ላሞችንና የእህል ዛላዎችን አየ፣ ሁለት የተለያየ ነገር። ህልሙ አንድ ነው ያለው ዮሴፍ ነው። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ እዚያም ቢሆን አንድነቱ የተነገረው በፍቺው ነው።

እውነተኛ መመሳሰል የት አለ ካላችሁኝ ዱካክን እጠቅሳለሁ። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ «አሮጊቷ» ይሏታል፣ ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች አንድ ነገር ያወራሉ፦ ነቅቻለሁ፣ መንቀሳቀስ አልችልም፣ አንዳች ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ያ ዓይን ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስበት እንቅልፍ ሲመጣ ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ፤ አንዳንዴ እስሩ ሳይፈታ አእምሮ ይነቃል። መመሳሰሉ የመጣው ሁላችንም ያው አካል ስላለን ነው። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያብሱታል፤ ጫት ያቆሙ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይቸገሩበታል። ከተደጋገመባችሁ፣ በተለይ ቀን ቀን ድንገተኛ እንቅልፍ ከጣላችሁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከእህቷ ጋር አንድ ህልም እንዳየች እርግጠኛ የሆነች ካለች፣ መፈተሻው ቀላል ነው። ሁለት ደብተር ከራስጌ ይቀመጥ። ስትነቁ፣ ከቡናው በፊት፣ አንድ ቃል ሳትነጋገሩ፣ ለየብቻ ጻፉ። የወር ጽሑፋችሁን ከሌሎች ሰዎች ህልም ጋር ቀላቅላችሁ ለማያውቃችሁ ሰው ስጡት። ያ ሰው የአንድ ሌሊት ህልሞቻችሁን ደጋግሞ ማጣመር ከቻለ፣ ደብተሮቹን እኔ ራሴ ማየት እፈልጋለሁ።