ከአዳማ እስከ ምድር ማዶ በአጭር ሞገድ

አዳማ ላይ ቆማችሁ መሬቱን ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆፍሩ፣ በመሃል በኩል አልፋችሁ የምትወጡት ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ግን ባዶ ውሃ ብቻ አይደለም። የማርኬሳስ ደሴቶች እዚያው ናቸው፣ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ አካል የሆኑት። ኑኩ ሂቫ የምትባለው ደሴት ከአዳማ ትክክለኛ ማዶ 100 ኪሎሜትር እንኳ አትርቅም።

ርቀቱ 20,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የሚርቅ ቦታ ምድር ላይ የለም፤ ካለፋችሁት እየተመለሳችሁ ነው።

ያለ ሳተላይት፣ ያለ ኬብልና ያለ ኢንተርኔት ድምፅን እዚያ ማድረስ የሚችለው አጭር ሞገድ ነው። ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው፣ በድሮ ሬድዮኖች ላይ «ኤስ ደብሊው» ተብሎ የተጻፈው። የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ አንቴናው ጫፍ ላይ ሽቦ ቀጥሎ፣ የዶቼ ቬለን አማርኛ ዜና በሹሹታ መሃል የፈለገ ሰው በደንብ ያውቀዋል።

ሞገዱ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው፣ ምድር ደግሞ ክብ ናት። ታዲያ እንዴት ይደርሳል? ጣሊያናዊው የሬድዮ ፈር ቀዳጅ ማርኮኒ በ1901 እ.ኤ.አ. የሬድዮ ሞገድ አትላንቲክን ሲያሻግር እሱም መልሱን አያውቅም ነበር። በዓመቱ ኬኔሊና ሄቪሳይድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰማይ ላይ ሞገድ የሚመልስ ነገር መኖር አለበት አሉ። በ1924 እንግሊዛዊው አፕልተን በሙከራ አረጋገጠና በ1947 ኖቤል ተሸለመበት። ያ ነገር አዮኖስፌር ነው። የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ቅንጣቶች ኤሌክትሮን እየነጠቀ የሚፈጥረው ንብርብር። ከላይ ያለው፣ ኤፍ የሚባለው፣ ሞገዱን አጉብጦ ወደ ምድር ይመልሳል። ከታች ያለው ዲ ግን ቀን ቀን ሞገዱን ይበላል፣ በተለይ ዝቅ ያለውን ፍሪኩዌንሲ። ከፍ ያለው ደግሞ ከበዛ ንብርብሩን በስቶ ወደ ህዋ ይሄዳል። አንድ ዝላይ፣ ማለትም ከምድር ወደ ንብርብሩ ወጥቶ እስኪመለስ፣ ቢበዛ 4,000 ኪሎሜትር ስለሆነ፣ ማርኬሳስ ለመድረስ ቢያንስ አምስት ያስፈልጋል፤ በየዝላዩ ደግሞ ጉልበት ይቀንሳል። ጨዋማ ባሕር ከደረቅ መሬት በተሻለ ያነጥራል፣ እና ከአዳማ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ብዙው ባሕር ነው።

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ዱባ አንሡና ከተንጠለጠለበት ጫፍ የሚነሡትን መስመሮች ተከተሏቸው፤ ሁሉም ተለያይተው፣ ሆዱ ላይ ተራርቀው፣ መጨረሻ ላይ ታችኛው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ሞገድም እንደዚያው ነው። ከአዳማ በየአቅጣጫው የተበተነው ሁሉ ማዶው ላይ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ማዶው ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ወዲህ ካለ ቦታ የተሻለ ሊሰማ ይችላል። ለርቀቱ ሲባል አንቴናውን ወዴት ላዙር ብሎ መጨነቅም የለም፤ በሰሜንም በደቡብም ርቀቱ ያው ነው።

ሰዓቱስ? ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ገደማ! ፀሐይ አዳማ ላይ ስትጠልቅ ማርኬሳስ ላይ ትወጣለች፣ እዚህ ስትወጣ እዚያ ትጠልቃለች። ዓመቱን ሙሉ እንደዚህ ነው። የቀንና የሌሊቱ ድንበር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይነካል፣ ስለዚህ በድንበሩ ላይ ዲ ሲሳሳ ኤፍ ገና አለ፣ መንገዱም ይከፈታል። እዚህ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን በእነሱ ሰዓት ልክ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ችግሩ በእኛ አካባቢ ጀምበር ቶሎ ትወድቃለች፣ ጊዜው ያጥራል። ከዚያም በላይ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ከመሸ በኋላ ንብርብሩ ይታመስና ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ብሆን ንጋቱን እመርጣለሁ፣ እንቅልፍ ቢያስከፍልም።

ይህን ርቀት ያህል በሁለት ወገን ማውራት የተቻለው ጥቅምት 1924 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኒውዚላንድ ያለው ፍራንክ ቤል ለንደን ካለው ሴሲል ጎይደር ጋር ሲገናኝ። ሁለቱም አማተሮች ነበሩ፣ ሬድዮን ለፍቅሩ ብቻ የሚሠሩ። በአገራችን አማተሮቹ በኢቲ3ኤኤ የጥሪ ምልክት፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው አየር ላይ የሚወጡት።

ሞገዱ ማዶ ለመድረስ የሚፈጅበት የሰከንድ አሥራ አምስተኛ ነው። አንዳንዴ አይቆምም፣ ዞሮ ላኪው ዘንድ ይመለሳል፤ በሞርስ፣ ማለትም በአጭርና በረጅም ድምፅ፣ መልእክት የሚመታ ሰው የራሱን ድምፅ ከሰከንድ ሰባተኛ በኋላ ይሰማዋል።

ዛሬ የሚያስቸግረው ሰማዩ ሳይሆን ቤቱ ነው። የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ሬድዮኑን በጩኸት ይሞሉታል። አንድ ማታ ሰፈራችን መብራት ሄደና ሹሹታው በአንዴ ጸጥ አለ፤ ቅድም ያልነበረ ጣቢያ ከሩቅ ብቅ አለ፣ ቋንቋውን አላወቅኩትም። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳለሁ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ።