ሲጂፒኤ የጂፒኤዎች አማካይ አይደለም

ጂፒኤ የአንድ ሴሚስተር አማካይ ውጤት ነው፤ ሲጂፒኤ ደግሞ እስካሁን የተማራችኋቸው ሴሚስተሮች ሁሉ የተጠራቀመ ውጤት ነው። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር «ሁለቱን ጂፒኤ ደምሬ ለሁለት ሳካፍል ከሬጅስትራሩ ጋር አልገጠመልኝም» የሚል አይጠፋም። የሁለቱ ሴሚስተር ክሬዲት (የኮርሶቹ ክብደት) እኩል ካልሆነ አይገጥምም።

አሠራሩ ይህ ነው፦ የእያንዳንዱ ኮርስ ግሬድ ነጥብ (ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2) በክሬዲቱ ይባዛል፤ ከዚያ የሁሉም ድምር ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። አንደኛው ሴሚስተር 18 ክሬዲት በ3.5 ከሆነ 63 ነጥብ፣ ሁለተኛው 12 ክሬዲት በ2.0 ከሆነ 24 ነጥብ ነው። 87 ለ30 ሲካፈል 2.9 ይመጣል እንጂ 2.75 አይደለም።

ባለ 1 ክሬዲት ላብ ላይ የመጣ ኤ፣ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ የመጣን ሲ ብዙም አያነሳውም፤ ሁለቱ ተዳምረው 2.4 ናቸው። የጥናት ሰዓት ስትደለድሉ መጀመሪያ ክሬዲቱን እዩ።

ሌላው የተለመደ ስህተት አንዱን ኮርስ በኢሲቲኤስ (ከአውሮፓ በመጣው የክሬዲት አቆጣጠር)፣ ሌላውን በክሬዲት ሰዓት ማስላት ነው። አንዱን ይዛችሁ ጨርሱ።

ከግቢ ግቢ የሚለያየው የተደገመ ኮርስ አያያዝ ነው፦ አዲሱ ግሬድ የድሮውን ይተካል ወይስ አይተካም? እሱን ከሲኒየር ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲያችሁ የሴኔት ሌጅስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) ላይ አንብቡ።